ጋሽ ዱካለን ያስጠበቅኩበት ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ዲላ

ዛሬ በራሴ ተናድጃለሁ። ወንድሜ ትቶልኝ የሄደውን ጌም የጀመርኩት ለማየት ያህል ነበር። አሁን ወድጄዋለሁ። በፈረስ ሰፊውን አገር እንዳሻኝ እዞራለሁ፤ የትኛውም ተራራ ይወጣል፤ ዋጋ የሚከራከረኝም የለም።

ከምሳ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብዬ ተቀመጥኩ። ቀና ስል አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ለካ ቡና የሚያቀርቡልን ገበሬ ጋሽ ዱካለ ከጨለለቅቱ እሸት ቡና ጭነው የቡና ማጠቢያችን ደርሰው ኖሯል። እኔ ሳላየው ቡና እንዳይራገፍ ያዘዝኩት ራሴ ነኝ፤ ስልኬንም ስላላነሳሁ ሠራተኞቹ አልተቀበሏቸውም። እሸቱ በየጆንያው ሞቆ መሽተት ሲጀምር፣ ሳይታጠብ ከነገለባው ጀንፈል አድርገው ሊያደርቁት መልሰው ወሰዱት።

ስደውልላቸው አልተቆጡም።

«አንተ ስልክ የማታነሳ ሰው አይደለህም። ታመሃል እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ትንሽ አሞኝ ነበር።»

ይህን ያህል ዘመን ስንገበያይ ዋሽቻቸው አላውቅም።

«እንግዲያው የቡናውን ነገር ተወው። እግዚአብሔር ይማርህ» አሉ።

ነገ በጠዋት ከባለቤታቸው ጋር ማር ይዘው ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። አትምጡ ብል አልሰሙኝም። ጌም ስጫወት ነበር ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ሲመጡ አልጋ ላይ መገኘት አለብኝ።