የላቲን ብራናና የእርስዎ ጉባኤ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ብርሃነመስቀል፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ጉባኤ ለመዋል አላስቸገረዎትም? ባለቤትዎ እትዬ ታንጉትስ ደህና ናቸው? የቅኔ ተማሪዎችዎ ብርዱን እንዴት ቻሉት? እኔ በቸርነቱ ጤና ነኝ። አገሩ በረዶ ለበሰ፤ የእኔ ንዴት ብቻ አልበረደም።

ዩኒቨርሲቲ የማስተምረውን የላቲን ግጥም ኮርስ ሊያጠፉት እንደሚዶልቱ አምና ጽፌልዎት ነበር። ይኸው አጠፉት።

እዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጥንት ፈረንጅ ደቀ መዛሙርት የላቲን ሰዋስውና ግጥም የተማሩባቸው ብራናዎች አሉ። መስመሩ ሆን ተብሎ ተራርቆ ተጽፏል፤ በመሃሉ ማብራሪያው በደቃቅ ፊደል ገብቷል፤ ጠርዙ በጣት እድፍ ጠቁሯል። ባልደረቦቼ እንደ ሬሳ ይለኩታል። እኔ ግን አንድ መጽሐፍ ከበው እያነበቡ የሚቀጽሉት ተማሪዎችዎ ታዩኝ። ስለዚህ እንደ እርስዎ አስተማርኩ፦ ሕጉን ከብራናው ይማራሉ፣ ውጭ ወጥተው እንደ ቅኔ የራሳቸውን ግጥም በቃላቸው ይቆጥራሉ፣ ተመልሰው በጉባኤ ፊት ይታረማሉ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኮርሱን ለመመዘን እንግዶች ጠርታ ተማሪዎቼ እንዲያቀርቡ አዘዘች። ኤልዳና የምትባል እዚሁ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ከብራናው ጠርዝ ያገኘችውን የጥንት ተማሪ ግጥም ሸምድዳ መጣች። የሰው ነው፣ መልሺና የራስሽን ይዘሽ ነይ አልኳት። «ጋሼ፣ የሞተ ሰው ይከሰኛል እንዴ?» ብላ ተቆጣች። ግን ሄደች፤ ግሮሩድ ጫካ ስትንጎራደድ ውላ የራሷን አራት መስመር ይዛ መጣች።

በዕለቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ምጣኔው ተሰበረባት። በእንግዶቹ ፊት አስቁሜ አረምኳት። ተቀብላ፣ ከመጀመሪያው አንስታ አቃንታ ጨረሰችው። እርስዎ ዘንድ ይህ ክብር ነው። ኃላፊዋ ግን ፊቷ ደም መሰለ፤ ተማሪ በሰው ፊት አይዋረድም አለች። ኤልዳና፣ አልተዋረድኩም፣ ልታረም ነው የቆምኩት ብትል ማን ሰምቷት። በሳምንቱ ኮርሱ ተሰረዘ።

ለዘብ ብትል ምን ነበር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልለዝብም። የተማሪን ስሕተት አይቶ ማለፍ ተማሪውን መናቅ ነው፤ ይህንን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ብራናዎቹን የጠየቀ ሁሉ ማየት ስለሚችል ሊቆልፉብን አይችሉም። ዓርብ ዓርብ እዚያ እናነባለን፤ ቅዳሜ ጉባኤው ሮምሶስ እኔ ቤት ነው። ፊሊፕ የሚባለው ተማሪዬ የት እንቀመጣለን ቢለኝ፣ እንደ ልጆችዎ ወለሉ ላይ ከበን እንድንቀመጥ አንዱን ጫፍ አስይዤው ሶፋውን ምድር ቤት አወረድነው። በዚህ ሳምንት የምትጀምረው ኤልዳና ናት።

እትዬ ታንጉትን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፤ ለወገባቸው የሚሆን መድኃኒት በሰው እልካለሁ። ማዕዶትን፣ አጎትሽ ፈተናሽን እንዴት እንደሠራሽ ጠይቋል ይበሉልኝ፤ ወንድሟን ኪዱን በእኔ ፈንታ ጆሮውን ቆንጠጥ ያድርጉት። ደቀ መዛሙርትዎንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ኦስሎም ቅዳሜ የሚታረሙ አሉ ብለው ይንገሯቸው።

ታናሽ ወንድምዎ ፍቅረሰላም

ሮምሶስ፣ ኦስሎ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.