የቱ ቤተልሔም?

እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018

ባሌ ትናንት «ዛሬ ቤተልሔም ነው የማድረው» ብሎኝ ወጣ። ዲያቆን ነው፤ እንጦጦ ማርያም የቅዳሴው ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት ማለቱ ነው። ግን ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤታችንም ቤተልሔም ናት። ቆንጆ ናት፤ ስሟን ከሱ አፍ ስሰማ ያንገበግበኛል።

ጠዋት አላስችል አለኝና ከሰፈራችን ከመሪ ተነስቼ እንጦጦ ወጣሁ። ሴት እዚያ ቤት አትገባም፤ ራቅ ብዬ ጠበቅሁት። እጅጌው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጣ። አፈርኩ። ለምን እንደመጣሁ ስነግረው ሳቀ።

«አንቺ ደግሞ! ጌታ የተወለደባት ከተማም እኮ ቤተልሔም ናት። በእሷም ልትቀኚ ነው?»

እኔም ሳቅሁ።

ታክሲ ውስጥ ግን እንደ ዋዛ «ቤቲን ጉንፋኑ ለቀቃት ይሆን?» አለኝ።

መታመሟን አላውቅም ነበር። ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ እኔ ፊት ቤተልሔም ነበር የሚላት።