ያልቆረስኩት ዳቦ

ሻርሆልመን፣ ስቶክሆልም
እሑድ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አያቴ ለእማማ ተጂቱ፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም እንጂ የምነግርዎ ጥፋት አለብኝ። መጀመሪያ ግን እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? ዓይንዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስቴ አሰጋሽ ይህን ስታነብልዎ ጎረቤት ባይኖር ደስ ይለኛል፤ አፍራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ፈረንሳይኛ የምንማረው ልጆች ከመምህራችን ጋር ፈረንሳይ ሄደን ነበር። መንደሯ ትንሽ ናት፤ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሥራ ያቆመ ወፍጮ፣ ላሞች፣ በቃ። እዚያ ማዳም ኦዴት የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ተቀበሉን። በጦርነቱ ጊዜ የጀርመን ወታደሮች መንደሯን ይዘው ሳለ፣ ታላቅ ወንድማቸው ጫካ ለተደበቁ ሰዎች ዳቦ ያመላልስ ነበር። አንድ ጠዋት ከነዳቦው ያዙትና ወፍጮው አጠገብ ረሸኑት። ዕድሜው እንደ እኔ ዐሥራ ስድስት ነበር።

ማዳም ኦዴት ይህን ነግረውን ሲያበቁ ራሳቸው የጋገሩትን ዳቦ ቆርሰው አዞሩልን። እኔ ጋ ሲደርሱ፣ እርስዎ እንዳስለመዱኝ አቀርቅሬ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። «በሞቴ» እስኪሉኝ እየጠበቅኩ እኮ ነው። እሳቸው ግን ሳህኑን ይዘው አለፉ። መምህራችን ጠጋ ብላ ጾም ይዘሽ ነው ወይ ስትለኝ፣ በበዓለ ሃምሳ ጾም እንደሌለ እያወቅኩ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። አብራኝ የምትማረው የአበሻ ልጅ ሄኒ ሰምታ ኖሮ፣ «አንቺ ጾመኛ፣ ትናንት ሁለት ቋሊማ የበላሽው ጾምሽን ልትፈቺ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ስንወጣ ዞር ብዬ አየሁ። ማዳም ኦዴት የእኔን ቁራሽ በጨርቅ ይጠቀልሉ ነበር።

ያን ጊዜ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ከጦር ሜዳ ላልተመለሱት ወንድምዎ ለጋሽ ባሕሩ በየዓመቱ ሲዘክሩ፣ ለመንገደኛ እንኳ ዳቦ ይሰጣሉ። እንቢ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ዝክር ላይ ይሉኝታ እንደሌለ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ዳቦው የፈረንጅ ስለሆነ ዝክር አልመሰለኝም። እስካሁን ለእናቴም አልነገርኳት።

አክስቴን አሰጋሽን፣ ጋሽ ከፍያለውንና ትንሿን ልደታን ይሳሙልኝ። ወንድሜ ማኑሄም በስዊድንኛ ቢሆንም ናፍቀውኛል ይላል። እናቴ ጉልበትዎን ስማለች።

ነገ ትምህርት ሳይጀመር መምህሬን አገኛትና ጾም እንዳልነበረ እነግራታለሁ። ከዚያ የማዳም ኦዴትን አድራሻ ትሰጠኛለች፤ እኔም ያ ቁራሽ የእኔ እንደነበር፣ ቢደርቅም እንደምፈልገው እጽፍላቸዋለሁ።

የልጅ ልጅዎ
ጽጌረዳ