የዘሀራ ጉርሻ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24 ቀን፤ ቆቦ

የሕፃናቱ የክረምት ካምፕ ዛሬ ተዘጋ። ለምሳ ከሮቢት የተገዛ ፍየል ታረደ። ካምፑን የምትመራውና እኔ በበጎ ፈቃድ የማስተረጉምላት ኤለን ከባሕር ማዶ ከመጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። "ለሙስሊሞቹ ልጆች በራሳቸው ሰው ቢላ ሌላ ይታረድላቸው" ብዬ ትናንት ለምኜያት ነበር። "እዚህ ሁላችንም አንድ ነን፤ ልጆቹን አትለያዪብኝ" አለችኝ። ወሎ ላይ ለየብቻ ማረድ እንግዳ ማክበር ነው ብላት ፈገግ አለች።

የጎረቤታችን ልጅ ዘሀራ ደረቅ እንጀራ ይዛ ጥግ ተቀመጠች። ኤለን ጉርሻ ከተማረች ወዲህ ያላጎረሰችው ሰው የለም። መጥታ ሥጋውን አፏ ውስጥ ከተተችው። ዘሀራ አልዋጠችም። ትልቅ ሰው ያጎረሳትን ፊት ለፊት መትፋት ደግሞ ነውር ሆነባት። የመዝጊያው መዝሙር እስኪያልቅ ጉንጯ እንደተወጠረ ቆመች። ከሁሉም አሳምራ የምትዘምረው እሷ ነበረች።

ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዳ ስትተፋ ልጆቹ ከበቧት።

"መረቁ ወርዷል። በቃ፣ ክርስቲያን ሆነሻል።"

"እትዬ፣ እውነታቸውን ነው?" አለችኝ እያለቀሰች።

ወዲያው ኤለን ደረሰች። ምን እያሏት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ተናድጄ ስለነበር ቃል በቃል ተረጎምኩላት።

"ክርስቲያን ሆነሻል እያሏት ነው።"

ኤለን ተንበርክካ አቀፈቻት። "ጌታ ይመስገን" እያለች አብራት አለቀሰች። ከዚያ ስልኳን ሰጠችኝ፤ ፎቶ አንስቼ ለዘሀራ እናት እንዳሳይላት።

"ፈገግ በይ በያት" አለችኝ።

አልኳት። ዘሀራ ታዛዥ ልጅ ናት፤ ፈገግ አለች።