ያላደስኩት ፈቃድ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ተመለሰ። በኩልመስክ ንብ አናቢዎች ማኅበር ስም ለአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት የጻፍኩት መልስ ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የወኪሏ ፈቃድ አልታደሰም።»

የማራቸው የንግድ ምልክት ከአንድ ነጋዴ ምልክት ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ማብራሪያ ተጠይቀን ነበር። ልዩነቱን አንድ በአንድ ዘርዝሬ ጻፍኩ፤ ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ምን ዋጋ አለው፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። የመልስ ጊዜው ዓርብ ያበቃል። ካለፈ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል።

የወኪልነት ፈቃዴን ዓመታዊ ክፍያ ለምን አልከፈልኩም? ከላሊበላ ጎብኚ ጠፋ። ሆቴሎቹ ስማቸውን ማስመዝገብ ተዉ። በዓመት ሁለት ጉዳይ ለማይሞላ ሥራ ምን ያስቸኩላል። ኔትወርክ የለም። ለራሴ ያልኩት ይህን ሁሉ ነው። እውነቱ ግን ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ አምስት ቀን ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ካረፍኩበት ቤት በእግር ይደረሳል። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ጫማ ሳማርጥ ሰነበትኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ሳትቆጣ አስረዳችኝ። ከነቅጣቱ ከፍዬ ማደስ እችላለሁ፤ ያለ ፈቃድ የፈረምኩት ግን አይጸናም። ማኅበሩ ራሱ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ከላከ ይቀበላሉ።

በስልኬ ከፈልኩ። አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ስንት ወር ያንከባለልኩት ነገር።

ከዚያ ለሊቀ መንበሩ ለጋሽ ሞገስ ደወልኩ።

«ማኅተሙን ይዘው ነገ ላሊበላ መምጣት ይችላሉ?»

«ምን ጎደለ ልጄ?»

«አሠራሩ ተቀይሮ ነው። አሁን ባለቤቱ ራሱ ይፈርም ብለዋል።»

ውሸቱ አፌ ላይ እንዴት እንደቀለለኝ። አልተንተባተብኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጋሽ ሞገስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ደረሱ። ከመንደራቸው ኩልመስክ ድረስ በእግር፣ ከዚያ በመኪና። ማኅተሙን በነጠላ ጫፍ ቋጥረውታል። ያሳየኋቸው ቦታ ላይ ስማቸውን ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። ወዲያው ላክሁት።

አንድ ማሰሮ ነጭ ማር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። አልቀበልም አልኩ። «የአባላቱ ነው፤ ለእኔ አትመልሽልኝ» አሉ።

ይህን ሳይነግሩኝ ቢሄዱ ይሻለኝ ነበር፦ ትናንት አባላቱን ሰብስበው አሠራሩ መቀየሩን ነግረዋቸዋል። ሰዉ መሥሪያ ቤቱን ረግሟል፤ ገበሬ ያንገላታሉ ብሏል። «እኔም አብሬ ተራገምኩ» አሉኝና ሳቁ።

አሁን ልንገራቸው ብዬ ጀመርኩ። «ጋሽ ሞገስ፣ እዚህ ነገር ላይ…» መኪናው እንዳያመልጣቸው ተነሡ። ባይነሡም የምጨርሰው አይመስለኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

መልሱ መድረሱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ መጣ። ቀኑ ሳያልፍ ደርሷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ቢሮውን ከእኔ ጋር የምትጋራው ጸሐፊዋ ቤዛ ሁሉንም ታውቃለች። «አለቀ በቃ፤ ማንም አልተጎዳ» አለችኝ። ልክ ነች። ግን መሥሪያ ቤቱ ያለ ጥፋቱ ተረግሟል፤ ሽማግሌውም ሳያውቁ ሐሰት ተናግረዋል። ማሰሮውን አልከፈትኩትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ጋሽ ሞገስ አባላቱ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚሰበሰቡ ነግረውኝ ነበር። በመጀመሪያው መኪና ኩልመስክ ሄድኩ።

ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሽ ሞገስ ሲያዩኝ ተነሥተው ቦታ ሰጡኝ። አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«የተቀየረ አሠራር የለም» አልኩ። «የእኔ ፈቃድ ነው ያልታደሰው። በየዓመቱ መክፈል የነበረብኝን ሳልከፍል ነው የፈረምኩላችሁ። ማመልከቻችሁ ለጥቂት ነው የተረፈው። ጋሽ ሞገስ አያውቁም፤ እሳቸውንም የዋሸኋቸው እኔ ነኝ።»

ከኋላ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ እትዬ ዘውዴ ጠየቁኝ። «ቀኑ አልፎብን ቢሆን ኖሮስ፣ ትነግሪን ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ።

«ምልክቱ ቢቀር ሌላ እናወጣ ነበር» አሉ ጋሽ ሞገስ። «እኔን ግን በሰው ፊት አስዋሸሽኝ።» ይቅርታ ስላቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ይሁን እምቢ አልገባኝም።

የማኅበሩን ወረቀት ሁሉ ይዤላቸው ሄጄ ነበር፤ ሌላ ሰው ለመያዝ ቢፈልጉ ብዬ። አባላቱ ተቀብለውኝ «እንመክርበታለን» አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ወደ ቀትር እትዬ ዘውዴ ደወሉልኝ። ጉዳዩን ይዤ እንድቀጥል ተወስኗል። ግን የታደሰውን ፈቃድ በየዓመቱ መስከረም ላይ ራሴ ወስጄ ለአባላቱ ላሳይ። ዘንድሮ ለሠራሁትም ዋጋ አይከፍሉም። እሺ አልኩ፤ እኔም አልቀበላቸውም ነበር።

«ጋሽ ሞገስስ?» አልኩ።

«ነበሩ። እጅ አውጡ ሲባል አላወጡም። የሚቃወም ሲባልም አላወጡም።»

አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ነጋዴው ምን እንደሚል፣ ምልክቱ ይመዝገብ አይመዝገብ ገና አይታወቅም። እሱን እጠብቃለሁ። ለጋሽ ሞገስ ግን አልደውልም፤ ሰኞ ሄጄ ደጃቸው እቆማለሁ። ግቢ ይሉኝ እንደሆን አያለሁ።