በፊታውራሪው ግቢ ያገኘሁሽ

ይድረስ ለእህቴ ለሥርጉት፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ያ የድሬዳዋ ሙቀት እንደ ሻማ አላቀለጠሽም? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሰው የምትወጋው ፍየልሽስ ደህና ናት? እኔ ወንድምሽ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም የሚያመኝ ሥራ ሲጠራኝ ብቻ ነው።

የፊታውራሪ ዘርአ ዳዊት ግቢ የሥዕል ሙዚየምና የአትክልት ቦታ ሆኗል ብልሽ ታምኛለሽ? ባለፈው እሑድ የልጄ ልጅ ሠናይት ይዛኝ ሄደች። ያኔ በአጥር ቀዳዳ እየሾለክን ኮክ የምንሰርቅበት ግቢ፣ አሁን ትኬቴን ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ በዋናው በር ገባሁ። ዘበኛው "ይግቡ አባባ" ሲለኝ በልማድ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ። የኮኩ ዛፍ እንዳለ ነው፤ ዙሪያውን አበባ ተክለውለታል። እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ደግሞ የፊታውራሪው ልጅ እመቤት ማኅደረማርያም በሣሏቸው ሥዕሎች ተሞልቷል።

አንዱ ሥዕል ፊት ስደርስ እግሬ ተገተረ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ከግራ ቅንድቧ በላይ ትኩስ ቁስል፣ ጉንጯ በኮክ ተወጥሮ። አንቺ ነሽ! አፍንጫሽን እንኳ አልማሩትም፤ እንዳለ ነው የሣሉት። ከሥሩ "ስሟ ያልታወቀ ልጅ፣ ፲፱፻፶፯ ዓ.ም." ይላል። "እንዴት አይታወቅም? እህቴ ሥርጉት ናት!" ብዬ ጮህኩ።

አስጎብኚዋ ሔራን መጥታ ቁስሉ የምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የለመድኩትን፣ ከዛፍ ወድቃ ነው አልኳት። ፈገግ አለችና እመቤት ከሥዕሉ ጀርባ የጻፉትን አነበበችልኝ፦ "ኮክ ስትሰርቅ ያገኘኋት ልጅ። የፈነከታት የወንድሟ ድንጋይ ነው፤ ለአባቷ ግን ከዛፍ ወደቅሁ ብላለች። ወንድሟ እንዳይገረፍባት ስሟንም አልነገረችኝም።"

ሥርጉትዬ፣ ማን እንደወረወረው አላየሽም እያልኩ ስድሳ ዓመት ኖርኩ። ኮኩ ላይ አነጣጥሬ አንቺን መታሁ። ዛፍ ወጣሽ ተብለሽ በአባባ አለንጋ ስትገረፊ፣ ከጎተራው ኋላ ቆሜ ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያም በየሰርጉ "ዝንጀሮዋ እህቴ" እያልኩ ሰው አሳቅኩብሽ። አብረሽ ስትስቂ ሞኝ ትመስይኝ ነበር፤ ለካ ሞኙ እኔ ኖሬያለሁ። እዚያው በጎብኚው ሁሉ ፊት "ወርዋሪው እኔ ነኝ!" አልኩ። ሠናይት በኀፍረት ነጠላዋ ውስጥ ገባች፤ አንድ ሽማግሌ ግን አጨበጨበልኝ።

ስምሽ ከሥዕሉ የቀረው በእኔ ነውና አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ሔራን እንዳለችኝ፣ አንቺ ራስሽ በእጅሽ ጽፈሽ ካረጋገጥሽ ስምሽን ይለጥፉታል። ጻፊ፤ ሙሉ ስምሽን ከነአባባ ስም። ዕድሜሽን ከቀነስሽ እመሰክርብሻለሁ! የፈነከተሽንም ጻፊው፤ ከሥርሽ በትንሽ ፊደል ልግባ።

ለልጅሽ ለፍሥሐ፣ ለባለቤቱና ለልጆቻቸው ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለፍየሏም ከሩቁ። ሠናይት እጅ ትነሳለች።

ኮኩ ዘንድሮም አፍርቷል። መቅጠፍ ክልክል ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ሔራን ፊቷን ስታዞርልኝ ሁለት ቀጠፍኩ። አንዱን በላሁ። ሌላውን የአሊዩ አምባው ነጋዴ ታጁ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሻል፤ መንገድ ላይ እንዳይበላብሽ አስምዬዋለሁ። ይህኛውን አልወረወርኩትም።

ወንድምሽ ኪዳነ ማርያም
አንኮበር፣ ሐምሌ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.