ጨፌን ማን ፈታት?

ውድ ሕሊና፣

ለጥምቀት መጥተሽ ቤት አስሬያት የወጣሁትን ውሻ ፈትተሽ ለቀቅሽ፤ ከዚያም በካህናቱና በሕዝቡ ፊት ጥፋቱን በእኔ ላይ አላከክሽ። በደልሽ ይኸው ነው።

«አትፍቻት፤ ጨፌ ውሃ ካየች የእኔንም ድምፅ አትሰማም» ብዬሽ ነበር። አንቺ ግን በስልክሽ ፎቶ ላንሳት ብለሽ ባሕረ ጥምቀቱ ድረስ አመጣሻት። ውሃው ገና አልተባረከም። አንዱ ጎረምሳ ለኮረዳ የወረወረው ሎሚ ስቶ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ጨፌ በዲያቆናቱ መካከል ዘልላ ገባች፤ ዋኝታ፣ ሎሚውን በአፏ ይዛ፣ ያን ሁሉ ሰው ሰንጥቃ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ስትራገፍ የቄስ ኃይለ ሚካኤል ካባ ራሰ።

«ከሁላችን ቀድማ ተጠመቀች!» አለ አንዱ።

«ክርስትና ስሟን ማን እንበላት?» አለ ሌላው።

ቄሱ አልሳቁም። «ማነው የፈታት?» አሉ። አንቺ መሬት መሬት እያየሽ፣ «አባባ ማሰሩን ረስተውት ይሆናል» አልሽ።

እኔ ከብት ሳላስር፣ በር ሳልዘጋ አድሬ አላውቅም። ግን ልጄን በአደባባይ ውሸታም ከማሰኛት ብዬ ዝም አልሁ። የደብሩ ሽማግሌዎች ውሻዋ ቤቴም ካለበት ከደብሩ ምድር እንድትወጣ ፈረዱ፤ መልሼ ላላስገባት በሚካኤል ማልሁ። መሐላዬን አላፈርስም። አንቺም ወደምትኖሪበት ወደ ቡሬ ወሰድሻት።

ትናንት ደወልሽ። «አባባ፣ አብዳለች እኮ! ምንጣፉን ዘነጣጠለችው። አከራዬ ወይ አስወጫት፣ ወይ መርዝ አበላታለሁ ብሏል» አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልሁም። ማጭድ አነሳሁ፤ ለምን እንዳነሳሁት ጠፋኝ። ማሳ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ተመለስሁ። ላህ ወንዝ ወርጄ ውሃውን ሳይ ቆየሁ።

ጨፌ አላበደችም። ሥራ ፈትታ ነው። ፈረንጁ አሠሪሽ ጥሏት ሲሄድ አምጥተሽ የሰጠሽኝ ጊዜ፣ በዚያ ከርዳዳ ጸጉሯ የበግ ግልገል መስላኝ ነበር። ጠባይዋን ያለ አስተማሪ ለመድሁት። ዘሯ የውሃ ነው። ግቢ ታስራ ከዋለች ጥርሷ ሥራ ይፈልጋል። እንጨት ወርውሪላት፣ ታምጣልሽ። ገበያ ስትሄጂ ዘንቢሉን ትሸከም። አትጩኺባት፤ ታኮርፋለች እንጂ አትታረምም። በዚህ እኔን ትመስላለች።

ጸጉሯ እንደ እኛ አገር ውሻ አይረግፍም። ካልተበጠረ ይቋጠርና ቆዳዋን ይስባል። ከጫፉ ጀምረሽ በሚዶ ፍቺው። መቀስ ስታነሺ እንደ በግ እስከ ቆዳዋ አትሸልቻት፤ ፀሐይ ይፈጃታል። ከውሃ ስትወጣ ጆሮዋን ገልብጠሽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤ ውሃ ከቋጠረ ይመግላል። ለአከራይሽ ደግሞ፣ ያቺ ውሻ ብትሞት ደጁ የምቆመው እኔ መሆኔን ንገሪው።

በገበያው ቀን ቡሬ እመጣለሁ። ቤትሽ አልገባም። ፈጣም ወንዝ ይዘሻት ውረጂ፤ እዚያ አዋኛታለሁ። በየገበያው ቀን እመጣለሁ። የማልሁት ስለ ደብራችን ምድር ነው እንጂ ስለ ቡሬ ውሃ አይደለም።

ስትመጪ ድንጋይ ተሸክመሽ እግሬ ላይ እንዳትወድቂ። ሽማግሌም እንዳትልኪ። የጥምቀቱ ነገር ከዚህ ወረቀት በኋላ ከአፌ አይወጣም፤ ቄሱ ቢጠይቁኝም አልመልስላቸውም። አንቺ ካነሳሽው ውሻዋን ከነእርጥበቷ ትቼልሽ እሄዳለሁ።

አባትሽ ወንዳወቅ